የአሮጌው ጊታር አምፕሊፋየር ጉምታ እንዴት ጠፋ

ከአጎቴ የወረስኩት ባለ ቫልቭ (በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ ገና ሲሞቅ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለውን ቤታችንን በጉምታ ይሞላው ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጊታሩን ገመድ ነው፤ ነቀልኩት፣ ለውጥ የለም። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ዜሮ ላይ ባደርገውም ያው ነው። ስለዚህ ዓይኔን ወደ ኃይል ክፍሉ አዞርኩ። በስልኬ ስለካው ድምፁ 100 ኸርዝ ሆነ። የመብራታችን 50 ኸርዝ፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚቀይረው ሬክቲፋየር እጥፍ ሆኖ፣ ሳይጣራ እያለፈ ነበር ማለት ነው።

እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ውስጥ ገዳይ ቮልቴጅ ይቀራል። የቀረውን ኤሌክትሪክ ፍሰት በሚገታ ዕቃ፣ በሬዚስተር፣ ሳታፈስሱና ዜሮ መሆኑን በመለኪያ ሳታዩ እጃችሁን አታስገቡ።

ስከፍተው ከሁለቱ ማጣሪያ ካፓሲተሮች የአንደኛው አናት አብጧል፤ ከሥሩ የፈሰሰው ነገር ቡናማ ሆኖ እንደ ዕጣን ሙጫ ደርቋል። የድሬዳዋ ሙቀት ለእንዲህ ያለ ዕቃ አይራራም። ሁለቱንም በአዲስ፣ በዚያው አቅምና በ450 ቮልት ተካሁ፤ የፖዘቲቭና የኔጋቲቩን አቅጣጫ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ማታ አበራሁት። ቫልቮቹ ቀሉ፤ ቤቱ ጸጥ እንዳለ ቆየ። ጊታሩን ሰክቼ አንዲት ክር ነካሁ፤ የአጎቴ ድምፅ ተመለሰ።