አፈር ጠቅጥቆ ግድግዳ ማቆም፦ ከአጭሯ ጀምሩ

እኔ የጀመርኩት በጓሮ አጥር ነው። እናንተም ቤት ከማሰባችሁ በፊት አንዲት አጭር ግድግዳ ሞክሩ።

ዋናው ነገር አፈሩ ነው። መረሬ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሥርና ብስባሽ ያለበትን የላይኛውን አፈር ጥረጉት። ከሥር ያለውን ቀይ አፈር ከአሸዋና ከደቃቅ ጠጠር ጋር ቀላቅሉ። ውሃውን እርጩ እንጂ አታፍስሱ፤ ጭቃ አንፈልግም። አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ከደረት ከፍታ ልቀቁት። ጥቂት ቦታ ከተሰበረ ደህና ነው። እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ውሃ በዝቷል፣ ከተበተነ አንሷል። ይህን ሙከራ በየቀኑ አደርገዋለሁ።

ካሳፎርማውን፣ ማለትም አፈሩ ውስጡ የሚጠቀጠቅበትን ቅርጽ ማውጫ፣ በደንብ ወጥሩት። የእኔ የመጀመሪያው ሆዱ ስለተነፋ አፍርሼ ደግሜዋለሁ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አፈሩን 15 ሳንቲሜትር ያህል እየጨመራችሁ፣ የመጠቅጠቂያው ድምፅ ጥርት እስኪል ጠቅጥቁ።

ከሥር የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ ዝናብ የሚመልስ ክዳን አይቅር።