የሚሸነፍ ቡድን ደጋፊ ስትሆኑ፦ በሚስቲክስ ጨዋታ ቀን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የዲሲው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ዋሽንግተን ሚስቲክስ የ2024ን የውድድር ዘመን የጀመረው 12 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ነው። በዚያ ሰሞን የቡድኑን ደጋፊ “ዛሬስ እንዴት ሆናችሁ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ቀድሞ ያውቀዋል። እኛ ዲሲና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ለእንግሊዝ እግር ኳስ ቅዳሜ ጠዋት ማልደን እንነሣለን፤ በባቡር የምንደርስበትን የሴቶች ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ግን ብዙዎቻችን አይተነው አናውቅም። አንዳንዱ ደግሞ አንዴ ይሄዳል፣ ቡድኑ ይሸነፍበታል፣ በዚያው ይቀራል። የሚሸነፍ ቡድን እንደሚያሸንፍ ቡድን አይታይም። ቀኑን የሚያበላሹት ስህተቶች ደግሞ አብዛኞቹ ከሽንፈቱ ጋር ምንም አያገናኛቸውም።

1. አዳራሹን ሳያጣሩ መነሣት

ከ2019 ጀምሮ የሚስቲክስ ሜዳ በደቡብ ምሥራቅ ዲሲ፣ ኮንግረስ ሃይትስ የሚገኘው 4,200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ነው። አሁን ኬርፈርስት አሬና ይባላል። ብዙ ሕዝብ የሚጠበቅባቸው ጨዋታዎች ግን መሐል ከተማ ወዳለው ካፒታል ዋን አሬና ሲዛወሩ ቆይተዋል፤ በ2025 ደግሞ ከኢንዲያና ፊቨር ጋር የተደረገ ጨዋታ ባልቲሞር ድረስ ሄዷል። ስለዚህ “ባለፈው የሄድንበት ነው” ብላችሁ አትነሡ። ትኬቱ ላይ የተጻፈውን አዳራሽ አንብቡ።

2. መኪና ይዞ መሄድ

በዚህ ከተማ ከሐበሻ ሁለት አንዱ ሹፌር ነው እየተባለ ስለሚቀለድ፣ ይህን ምክር የሚሰማኝ ላይኖር ይችላል። ግን አዳራሹ ከኮንግረስ ሃይትስ ሜትሮ ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ነው። ከዩ ስትሪት ወይም ከሾው የሚነሣ ሰው ብራንች አቬኑ የሚለውን ግሪን ላይን ይዞ ሳይቀይር ይደርሳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ ሬድ ላይን ይዞ ፎርት ቶተን ወይም ጋለሪ ፕሌስ ላይ ይቀይራል፤ ከአሌክሳንድሪያ ደግሞ የሎ ላይን ይዞ ላንፋንት ፕላዛ ላይ። ተሸንፎ መሪ መጨበጥ እንኳን ለራስ ለሌላውም ሾፌር አይበጅም።

እግረ መንገዴን ስለ ምግብ። የውድድሩ ዘመን ከግንቦት እስከ መስከረም ስለሆነ የሐዋርያትም የፍልሰታም ጾም በመሐሉ ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብማ የታወቀ ነው። የአሜሪካ ስታዲየም ምግብ ዶሮና ሆት ዶግ ነው። የምትጾሙ ከሆነ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ በያይነቱ በልታችሁ ባቡሩን ያዙ፤ ጨዋታው ሁለት ሰዓት አካባቢ ስለሚፈጅ አትራቡም።

3. የተጋጣሚውን ኮከብ ለማየት ብቻ መሄድ

ጁን 7 ቀን 2024 ኬትሊን ክላርክ ከኢንዲያና ጋር ስትመጣ ካፒታል ዋን አሬና 20,333 ሰው ገባ። ሚስቲክስ 85 ለ 83 ተሸነፈ፤ ከአዳራሹ ግማሽ በላይ የተደሰተ ይመስል ነበር። ክላርክን ማየት ነውር አይደለም፣ ተጫዋችዋ ተጫዋች ናት። ነገር ግን በዓመት አንዴ ለእሷ ብላችሁ ውድ ትኬት ገዝታችሁ ከጣሪያ ሥር ከተቀመጣችሁ ሚስቲክስን አየን አትበሉ። በሥራ ቀን ማታ፣ ብዙ ሰው ስሙን ከማያነሣው ቡድን ጋር ሲጫወት ኮንግረስ ሃይትስ ሂዱ። በ4,200 ወንበር አዳራሽ ውስጥ ሩቅ የሚባል ቦታ የለም፤ አሰልጣኙ በታይምአውት ላይ የሚጮኸው፣ ተጫዋቾቹ መከላከያ ሲያደራጁ እርስ በርስ የሚጠራሩት ሁሉ ይሰማል።

4. በኤንቢኤ መስፈሪያ መለካት

“ነጥባቸው ትንሽ ነው” ይባላል። የሴቶቹ ጨዋታ አራት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በድምሩ 40 ደቂቃ ነው፤ የወንዶቹ 48። በ40 ደቂቃ 80 ነጥብ ያገባ ቡድን በዚያው ፍጥነት 48 ደቂቃ ቢጫወት 96 ይደርሳል። ኳሱ በትንሹ ያንሳል፣ የቀለበቱ ከፍታ ግን እኩል 3.05 ሜትር ነው፤ ለመወርወር የሚሰጠውም ጊዜ እኩል 24 ሰከንድ። ዳንክ (ዘሎ ኳሱን በእጅ ቀለበቱ ውስጥ መክተት) ካልታየ ጨዋታ አልነበረም ለሚል ሰው ምንም ማድረግ አልችልም። ለሌላው ግን እዚህ ሊግ ውስጥ ነጥብ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰው ዝላይ ሳይሆን ከሦስት አራት ቅብብል በኋላ ነው፤ ቅብብሉን ካያችሁት ነጥቡ ከመግባቱ በፊት ይመጣላችኋል።

5. ሰሌዳውን ብቻ ማንበብ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ያን የ2024 ቡድን እንመልከት። በ2019 ብቸኛውን ዋንጫ ያመጣችው ኤሌና ዴሌ ዶን ያን ዓመት አልተጫወተችም። ናታሻ ክላውድ ወደ ፊኒክስ ሄዳለች። ብሪትኒ ሳይክስና ሻኪራ ኦስቲን በጉዳት ብዙ ጨዋታ አምልጧቸዋል። በዚህ ሁሉ መሐል 12 ተከታታይ ሽንፈት መጣ። ቡድኑ ዓመቱን የጨረሰው ግን በ14 ድልና በ26 ሽንፈት ነው። ደምሩት፦ ከዚያ በኋላ ባሉት 28 ጨዋታዎች 14 አሸንፎ 14 ተሸንፏል። ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረገው የዋንጫ ፍልሚያ፣ ያመለጠው በአንድ ድል ነው። በ12ቱ ሽንፈት ተስፋ ቆርጦ ቴሌቪዥኑን ያጠፋ ሰው ግማሽ በግማሽ የሚያሸንፍ ቡድን አመለጠው።

እና ምን እንይ? እኔ የምመክረው እያንዳንዱን ሩብ ለብቻው መቁጠር ነው። በ18 ነጥብ የተሸነፈ ቡድን ሁለት ሩብ አሸንፎ ሊሆን ይችላል። ወጣት ቡድን ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ከዕረፍት መልስ ነው፤ ተጋጣሚው በዕረፍቱ መላ ቀይሮ ይመጣል፣ ወጣቶቹ ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ የሠራላቸውን ሊደግሙ ይሞክራሉ። ያኔ ኳስ መነጠቅ ይበዛል። የተነጠቀውን ኳስ ከማማረር ቅብብሉ በስንት ሰከንድ እንደዘገየ ተመልከቱ።

ሌላው፣ ለአምስት ደቂቃ ኳሱን ትታችሁ አንዲት ተጫዋች ብቻ ተከተሉ። በ2025 ድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት፣ በአራተኛ ተራ የተመረጠችውን ኪኪ ኢሪያፈንን የተከተለ ሰው ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) የሚገኘው በመዝለል ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። ኳሱ ገና በአየር ላይ እያለ በወገቧና በጀርባዋ ተከላካይዋን ከቀለበቱ ታርቃለች፤ ዝላዩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በሦስተኛ ተራ የተመረጠችው ሶንያ ሲትሮን ደግሞ ኳስ ሳትይዝ የምትሠራውን አንድ ምሽት ካያችሁ ስታቲስቲክሱን አትጠይቁም። ሁለቱም በዚያው በመጀመሪያ ዓመታቸው ለኦል ስታር፣ ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ፣ ተመረጡ፤ ቡድናቸው ግን 16 አሸንፎ 28 ተሸነፈ። ሰሌዳውን ብቻ ያነበበ የቱን ያውቃል?

6. “ይሸነፉ፣ ለድራፍት ይጠቅማል” ማለት

ይህ ዕውቀት የሚመስል ስህተት ስለሆነ የሚሠሩት ደግሞ አዋቂ ነን የሚሉ ናቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መጨረሻ የወጣ ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፣ ቀድሞ የመረጠ ኮከብ ያገኛል። ሚስቲክስ ግን ይህን ሒሳብ በራሱ ቁስል ያውቀዋል። በ2012 5 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 29 ተሸነፈ። በሊጉ የመጨረሻው ቡድን ነበር፤ የምርጫው ተራ በሚወጣበት ሎተሪም ትልቁን ዕድል ይዞ ገባ። በ2013 ድራፍት ሦስት ትልልቅ ስሞች ነበሩ፦ ብሪትኒ ግራይነር፣ ኤሌና ዴሌ ዶን እና ስካይላር ዲጊንስ። ሎተሪው ሲወጣ ዋሽንግተን አራተኛ ሆነ። ሦስቱም ሌላ ቦታ ሄዱ።

ዴሌ ዶን በኋላ ዋሽንግተን መጥታለች፤ የመጣችው ግን በሽንፈት ሳይሆን በ2017 ከቺካጎ በተደረገ ዝውውር ነው። በተጨማሪም የሎተሪው ዕድል የሚሰላው የሁለት ዓመት ውጤት ተደምሮ ስለሆነ አንድ ዓመት ሆን ብሎ መሸነፍ የታሰበውን ያህል አያስገኝም። ሲትሮን የተመረጠችበትም ሦስተኛ ተራ ከቺካጎ የተገዛ ነበር፤ ዋጋው ኤሪየል አትኪንስ ነበረች፣ የ2019 ዋንጫ ባለቤት። ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ሽንፈት ስትመኙ ከፊታችሁ የሚሮጡት ሰዎች ለሚቀጥለው ውላቸው እየተጫወቱ ነው። እነሱ ሆን ብለው አይሸነፉላችሁም።

7. ማሊያ ላይ ስም ማስጻፍ

ዴሌ ዶን ጫማ ሰቀለች፣ ክላውድ ሄደች፣ አትኪንስ ተቀየረች፣ ሳይክስ በ2025 አጋማሽ ወደ ሲያትል ተላከች። ታዳሽ ቡድን ልምድ ያላቸውን እየሰጠ ወጣት ይሰበስባል፤ ስም የተጻፈበት ማሊያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከማቻል። የቡድኑን ስም ብቻ የያዘ ቲሸርት ይበቃችኋል። ሴት ልጃችሁ የአንዷን ስም ካለቀሰችበት ግን ግዙላት፣ ምን ይደረጋል።

8. የስታዲየም አፍ ይዞ መግባት

አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ላይ ያደገ ሰው አሰልጣኝን ከነዘር ማንዘሩ መሳደብ ይቀናዋል። እዚያ ድምፁ ከሺዎች ጋር ይቀላቀል ነበር። እዚህ አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ግማሹ ተመልካች ቤተሰብ ነው፤ ተጫዋቿ ዞር ብላ ታያችኋለች። በአማርኛ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፣ በዲሲ ከኋላችሁ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አታውቁም። በጨዋታው ላይ ገንዘብ አስይዞ መግባትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ትልቁ ስድብ የሚወጣው ካስያዘ ሰው አፍ ነው።

9. አራተኛው ሩብ ሳያልቅ መውጣት

በእግር ኳስ 3 ለ 0 ተመርቶ በ85ኛው ደቂቃ የወጣ ሰው አይፈረድበትም። ቅርጫት ኳስ ላይ ግን ሰዓቱ በየጊዜው ይቆማል፤ በነጥብ የቀደመው ቡድን ላይ ፋውል እየተሠራ ወደ ቅጣት ውርወራ ይላካል፤ አንድ ከሳተ፣ በሌላው በኩል አንድ ሦስት ነጥብ ከገባ ልዩነቱ ይጠባል። ሁለት ደቂቃ ቀርቶ የ8 ነጥብ ልዩነት ገና ያልተዘጋ ነገር ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ሩብ ሲጋመስ የሁለቱን ቡድን ፋውልና የቀረውን ታይምአውት ሰሌዳው ላይ አንብቡ፤ በሩቡ አራት ፋውል የሞላ ቡድን ከአምስተኛው ጀምሮ ሲከላከል ለሚሠራው ፋውል ቅጣት ውርወራ ይሰጥበታል።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2024፣ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ ካፒታል ዋን አሬና 20,711 ሰው ገብቶ ነበር፤ ያን ጊዜ በሊጉ ታሪክ በመደበኛ ጨዋታ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ሚስቲክስ ኢንዲያናን 92 ለ 91 አሸነፈ። በዚያው ምሽት አትላንታ ኒው ዮርክን ስላሸነፈ ፕሌይኦፉ አልተገኘም። ባቡር ያመልጠኛል ብሎ ቀድሞ የወጣ ሰው ያቺን አንድ ነጥብ ስልኩ ላይ ነው ያነበባት፤ ሜትሮ ደግሞ ያን ሰዓት ገና እየሠራ ነበር።