የሰብአ ሰገል ሌሊት፦ ጫማ፣ ጃንጥላ እና አንድ ፍሬ ባቄላ

ስፔን ውስጥ በልማድ ለልጆች ስጦታ የሚያመጡት ሰብአ ሰገል ናቸው፦ ሜልቾር፣ ጋስፓርና ባልታሳር። ጃንዋሪ 5 ሌሊት ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ በ6 ጠዋት ስጦታው ይከፈታል። ማድሪድ አግብቼ ከወለድኩ ወዲህ ሌሊቱን የማሰናዳው እኔ ነኝ። አማቴ ካሳዩኝና ተሳስቼ ከተማርኩት ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ደብዳቤው። ልጆች የሚፈልጉትን ጽፈው ለ"ፓኼ" ይሰጣሉ፤ የነገሥታቱ አሽከር ማለት ነው። በየገበያ ማዕከሉ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ከመስጠታችሁ በፊት ደብዳቤውን በስልክ ፎቶ አንሱት። አለዚያ "ሰማያዊው ነበር አረንጓዴው?" እያላችሁ ስትጨነቁ ታድራላችሁ።

5 ማታ ሰልፉ አለ፤ ካባልጋታ ይሉታል። የማድሪዱ ትልቁ በካስቴያና ጎዳና ያልፋል። ባርሴሎና ነገሥታቱ በመርከብ ይገባሉ። አልኮይ በምትባለው ከተማ ደግሞ ፓኼዎቹ መሰላል ይዘው በረንዳ ላይ እየወጡ ስጦታ ያድላሉ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ግን የሰፈራችሁ ይበቃል፤ ትልቁ ጋ የሰው ጀርባ ብቻ አይታችሁ ነው የምትመለሱት። ጃንጥላ ያዙ። መጀመሪያ ዓመት "ዝናብ የለ፣ ምን ያደርጋል?" ብዬ ባዶ እጄን ሄድኩ። ነገሥታቱ ከረሜላ ይወረውራሉ ለካ! አንዱ ግንባሬን አገኘኝ። አጠገቤ የቆሙት አሮጊት ጃንጥላቸውን ገልብጠው ግማሽ ኪሎ ሰብስበዋል።

ቤት ስትገቡ ልጆቹ ጫማቸውን ወልውለው በረንዳ አጠገብ ይደርድሩ። ለግመሎቹ ውሃ፣ ለነገሥታቱ ብስኩትና ወተት ይቀመጣል። እኛ ቤት ለባልታሳር አንድ መለኪያ አኒስ የሚባል አረቄ ይጨመራል፤ ያመጡት የባለቤቴ አባት ናቸው፣ የሚጠጡትም እሳቸው ናቸው። ልጆች ሲተኙ ብስኩቱን ግመጡ፣ ፍርፋሪ በትኑ። ባልዲውን እንዳትረሱ! ትልቋ ልጄ በስድስት ዓመቷ ሙሉውን ባልዲ አይታ "ግመሎቹ አልጠማቸውም እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግማሹን እደፋለሁ፤ ወለሉ ላይም ትንሽ አፈሳለሁ። ግመል በሥርዓት አይጠጣማ።

ለአጥፊ ልጅ ከሰል ይመጣል ይባላል። የሚሸጠው ከስኳር የተሠራ ጥቁር ከረሜላ ነው። ለቀልድ ያህል ትንሽ ጣል አድርጉ፤ ሆደ ባሻ ልጅ ካለ ግን ይቅር።

አሁን ወደ ሮስኮን፣ ቀለበት መሳዩ የበዓሉ ጣፋጭ ዳቦ። 500 ግራም ዱቄት፣ 120 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 2 እንቁላል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 80 ግራም ቅቤ፣ 20 ግራም ትኩስ እርሾ፣ ቁንጥር ጨው፣ የተፈቀፈቀ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ። ዋናው ግን 2 የሾርባ ማንኪያ የብርቱካን አበባ ውሃ ነው። አበባውን "አሳአር" ይሉታል፤ ለጆሯችን አሳር ይመስላል እንጂ ሽታው ቤቱን ያውዳል። ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ዱቄት አትጨምሩ፣ እሹት። እጥፍ እስኪሆን ኩፍ ይበል። ከዚያ ድቡልቡል አድርጋችሁ መሃሉን ብሱና ቀዳዳውን "በዛ" እስክትሉ ለጥጡት። የእኔ የመጀመሪያው ሮስኮን ቀዳዳው ተደፍኖ ድፎ ዳቦ ሆኖ ነው የወጣው። ዳግመኛ ኩፍ ሲል እንቁላል ቀቡት፣ በስኳር የተነከረ ፍራፍሬና እርጥብ ስኳር አልብሱት፣ በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ጋግሩ።

ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ሁለት ነገር ደብቁ፦ ትንሽ የንጉሥ ምስልና አንድ ደረቅ ባቄላ። እንግዶቹን አስጠንቅቁ፣ ጥርስ ይሰብራል፤ የሕፃናትን ቁራሽ ፈትሹ። ምስሉ የደረሰው የወረቀት ዘውድ ይደፋል። ባቄላው የደረሰው የሮስኮኑን ሂሳብ ይከፍላል።

የባለቤቴ አባት ባቄላ ሲደርሳቸው ጉንጫቸው ውስጥ ይደብቁታል፤ ሁሉም ያውቃል። አምና ጊዜ አጥተን ከኬክ ቤት ገዛን። ተበልቶ አለቀ፣ ባቄላው የለም። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሮ "አፍዎን ይክፈቱ!" ሆነ። ከፈቱ፤ ባዶ ነው። ለእኔ ጃንዋሪ 6 የገና ጾም ገና አልተፈታም፤ ቅቤና እንቁላል ስላለበት ቁራሼ ለማግስቱ ይቀመጣል። በማግስቱ ጠዋት ከቡና ጋር ስገምጠው ቀጭ አለ። ሂሳቡን ከፈልኩ።