ሒሳብን በኮምፒውተር ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ የሒሳብ ክፍሎችን ስጎበኝ ትዕግሥቴን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈታተነው ስህተት፣ በዓይን ግምት የተሣለን ምስል እንደ ማረጋገጫ መቁጠር ነው። መምህሩ ጂኦጀብራ በተባለው የጂኦሜትሪና የግራፍ ሶፍትዌር ሦስት ነጥቦችን ያስቀምጣል፤ አንዱን ማዕዘን 90 ዲግሪ እስኪያሳይ ድረስ በማውስ ወዲህና ወዲያ ይገፋዋል፤ ከዚያም የጎኖቹን ርዝመት አሳይቶ የፓይታጎረስ ቲዎረም «ተረጋገጠ» ይላል። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ እስቲ ያንን ነጥብ ትንሽ ያንቀሳቅሱት» ስትል ግን ሁሉም ነገር ይፈርሳል። በዚያ ላይ ሶፍትዌሩ ቁጥሮችን አጠጋግቶ ስለሚያሳይ፣ 89.996 የሆነው ማዕዘን 90 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ማርከስ ሆኸንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ይህ ሶፍትዌር ዋና ጥቅሙ፣ ነጥብ ሲንቀሳቀስ በግንባታው የተሰጠው ግንኙነት ሳይናጋ መቆየቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን ጎን፣ ቀጥሎ በጫፉ ላይ ቀጤ ነክ (90 ዲግሪ የሚሠራ) መስመር፣ በመጨረሻም በዚያ መስመር ላይ ሦስተኛውን ነጥብ ማኖር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ነጥቡን መቶ ቦታ ማንቀሳቀስ ተማሪውን ያሳምነዋል እንጂ ቲዎረሙን አያረጋግጥም፤ ማረጋገጫው በደብተር ላይ መጻፍ አለበት። አዲስ መምህራንን ግን ብዙም አልወቅስም፤ የሚሰጣቸው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ከማሳየት አያልፍም።

ኤክሴል ማዕዘንን በዲግሪ ሳይሆን ራዲያን በተባለው ሌላ መለኪያ ስለሚያነብ የ30 ሳይን 0.5 ሳይሆን −0.988 ሆኖ ይወጣል፤ መፍትሔው ዲግሪውን አስቀድሞ በፓይ አባዝቶ ለ180 ማካፈል ነው። =-3^2 ተብሎ ሲጻፍለትም የመቀነስ ምልክቱን ከኃይሉ አስቀድሞ ስለሚወስድ 9 ይመልሳል፤ በደብተሩ በትክክል −9 ያገኘ ተማሪ በማሽኑ ምክንያት ኤክስ ሲደረግበት አይቻለሁ።

በግራፍ ላይም የሁለቱ አክሲሶች ስኬል ካልተመጣጠነ ቀጤ ነክ የሆኑ መስመሮች ተንጋደው ይታያሉ።

ተማሪዎች ሳይገምቱ ግራፉን በፕሮጀክተር መልቀቅም እንዲሁ ጉዳት አለው። ኤክስ ካሬ ሲቀነስ 4፣ ለኤክስ ሲቀነስ 2 ሲካፈል የሚገኘውን ግራፍ ብንወስድ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያልተቋረጠ ቀጥታ መስመር ነው፤ ኤክስ 2 ሲሆን ያለው ክፍተት የአንዲት ነጥብ ያህል ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለይም። በእጁ 2ን ተክቶ ዜሮ ለዜሮ ያገኘ ተማሪ ግን ክፍተቱን በስክሪኑ ላይ ይፈልጋል፣ ሲያጣውም ይጠይቃል።