የአማርኛ ንባብ በኢ-ሪደር፦ መሣሪያ ሲያወዳድሩ የሚሠሩ ስህተቶች

ፎንት የቀየሩ መምሰል። ከሁሉ የሚያናድደው ይህ ነው። አንዱ ኪንድል ላይ (የአማዞን ኢ-ሪደር፣ ማለት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) አብሮት የመጣውን ፎንት ቡከርሊን ትቶ ሌላ ይመርጥና «የዚህ ዕቃ አማርኛ አይስተካከልም» ብሎ ይፈርዳል። ቡከርሊ ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም! መሣሪያው ፊደሉን ሲያጣ ከራሱ ሌላ ፎንት ይተካበታል። ፎንት ስትቀይሩ 1፣ 2፣ 3 መልካቸው ተለውጦ «ሀ» እንደነበረ ከቀረ፣ አማርኛው አልተነካም ማለት ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ቲቲኤፍ ፋይል አውርዱ፤ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ገልብጡት (ኮቦ በሚባለው ሌላው ኢ-ሪደር ላይ ፎልደሩ ከሌለ ራሳችሁ ፍጠሩት)፤ ገመዱን ነቅላችሁ ከዝርዝሩ ምረጡት። መጽሐፉ የራሱን ፎንት ይዞ ከመጣ የአሳታሚውን ፎንት ሳይሆን ይህንኑ ምረጡ። በምታወዳድሯቸው ሁለት መሣሪያዎች ላይ ያው የፎንት ፋይል ሳይገባ የምታወዳድሩት ፎንት ከፎንት ነው፤ ስክሪኑ ገና አልተነካም።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው የግዕዝ ፎንትም ግሩም ነው፣ ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ርዕሱን መሣሪያው በግድ ሲያወፍረው የ«መ» እና የ«ቀ» ቀዳዳ ይደፈናል። ደማቅ ጽሑፍ ለመፈተሽ ኖቶን ያዙ።

በመጠን ቁጥር መተማመን። የአንዱ መሣሪያ የፊደል መጠን 5 የሌላው 5 አይደለም። የፊደሉን ቁመት በማስመሪያ ለክታችሁ አስተካክሉ።

የጥራት ልዩነትን በትልቅ ፊደል መፈለግ። ከ2022 በፊት የወጣው ተራው ኪንድል በአንድ ኢንች 167 ነጥብ ነበረው፤ ፔፐርዋይት የሚባለው የኪንድል ዓይነት 300 አለው። ልዩነቱ የሚታየው ፊደሉ ሲያንስ፣ «ለ» ከ«ሉ»፣ «ቸ» ከ«ቹ» በሚለዩባት ቅጥያ ላይ ነው።

በስልክ ካሜራ በተነሣ ፎቶ አትፍረዱ።

ደሴ ውስጥ በየጽሕፈት ቤቱ በድሮው የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተተየበ ፋይል ጭኖ መሣሪያውን መውቀስም አለ። ያ ጽሑፍ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) አይደለም፤ የላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የተለበጠ ነው፤ ስለዚህ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፣ ከዚያ ካሊበር በሚባለው ፕሮግራም ወደ ኢፐብ፣ ወደ ኢ-መጽሐፍ ፋይል።

መስመሩን ግራ ቀኝ እኩል ማድረግ። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ መስመር መጨረሻ ላይም በሰረዝ አይቆረጥም፤ ባለ 6 ኢንች ስክሪን ላይ በቃላቱ መካከል ገደል ይከፈታል። ወደ ግራ ብቻ አስጠጉት። ከ«።» በፊት ክፍት ቦታ ካለም ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩ መስመር ላይ ይወድቃል፤ ይህ የታይፒስቱ ጥፋት ነው።

ዐረብኛ መዘንጋት። ወሎ ውስጥ መንዙማ የሚያነብ ሰው አማርኛና ዐረብኛ የተቀላቀለበት ገጽ ሳይከፍት አይግዛ። የዐረብኛው ፊደላት መያያዛቸውን፣ ከቀኝ ወደ ግራ መሄዳቸውን፣ አማርኛው ሲቀጥል ነጥቡ ቦታውን አለመሳቱን ይይ። ኮቦ ላይ ደግሞ ኢፐብና ኬፐብ (የኮቦ የራሱ የፋይል ዓይነት) ገጹን በሚስል በተለያየ ፕሮግራም ስለሚከፈቱ ፋይሉን በሁለቱም ይሞክር።