የመጋረጃ ጨርቅ ሱቅ ወቅታዊ ቅናሽና የደንበኞች ዕጣ ሲያዘጋጅ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወቅት ሲለወጥ የመጋረጃና የቤት ጨርቅ ሱቆች ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር አብረው ያወጣሉ፦ መስታወቱ ላይ የቅናሽ ማስታወቂያ፣ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ የዕጣ ሣጥን። ዓላማው የከረመውን ጣቃ አውጥቶ ለአዲሱ ቦታ ማስለቀቅና ገዢው ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ጨርቅ ግን በሜትር የሚቆረጥ ዕቃ ነው፤ አንዴ መቀስ ካረፈበት ወደ ጣቃው አይመለስም። ሌላ ሱቅ ውስጥ በይቅርታ የሚታለፍ ግድፈት እዚህ ለማንም መስኮት የማይሆን ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው ጥፋት ደግሞ ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት ሳይጻፍ በቀረ ነገር የሚመጣ ነው።

ትርፉን ሳያሰሉ መቶኛ መለጠፍ

በሜትር 60 ገብቶ በ100 የሚሸጥ ጨርቅ እንውሰድ። ትርፉ 40 ነው። 25 በመቶ ሲቀነስለት መሸጫው 75 ይሆናል፤ ትርፉ ግን ወደ 15 ይወርዳል። በፊት 100 ሜትር ሸጦ ያገኝ የነበረውን ለማግኘት ሱቁ አሁን 267 ሜትር ገደማ መሸጥ አለበት። የሽልማቱና የማስታወቂያው ወጪ ገና አልተነካም።

ለከረመ ጣቃ ሒሳቡ ይለያል። እዚያ ንጽጽሩ ከዛሬው ትርፍ ጋር አይደለም፤ ጨርቁ በሚቀጥለው ወቅት ምን ያህል ያወጣል ከሚለው ጋር ነው። ስለዚህ ሙሉ ሱቁን በአንድ መቶኛ መሸፈን ስንፍና ነው። በየሳምንቱ በሙሉ ዋጋ የሚጠየቀውን ነጭ ስስ ጨርቅና ገበር ቅናሽ ውስጥ መክተት ትርፍን በነፃ መስጠት ይሆናል። የሚሻለው ጣቃዎቹን በቆይታቸው ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ ቅናሽ መስጠት፣ ጣቃው ላይም የተለየ ቀለም ያለው ምልክት ማሰር ነው።

ቅናሽ በቅናሽ ላይ መደረብ

20 በመቶ የወቅት ቅናሽና 10 በመቶ የደንበኛ ካርድ ሲደረቡ 30 በመቶ አይሆኑም። ከ100 መጀመሪያ 80፣ ከዚያ 72 ይቀራል፤ ጠቅላላው 28 በመቶ ነው። ደንበኛው 30 ብሎ ያስባል፣ አንዱ ገንዘብ ተቀባይ 28 ይቆርጣል፣ ሌላው 30። ሁለቱ ደረሰኞች አንድ ቤት ሲገናኙ ጠብ ይነሳል። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ቅናሾች አይደረቡም» ወይም «የካርዱ ቅናሽ የሚታሰበው ከተቀነሰው ዋጋ ላይ ነው»።

ዋጋውን ሰቅሎ መልሶ ማውረድ

ቅናሹ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዋጋ ጨምሮ ያንን «የቀድሞ ዋጋ» ብሎ መሰረዝ ማታለል ነው። ሕጉም እየጠበቀ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቅናሽ ሲታወጅ «የቀድሞ ዋጋ» ተብሎ የሚጻፈው በአጠቃላይ ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ የነበረው ዝቅተኛው ዋጋ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ እንኳ ደንበኛው የቀድሞውን ዋጋ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ሊሆን ይችላል። «እስከ 50 በመቶ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ግማሽ ዋጋ የገባው ጥግ ላይ ያሉ ሁለት ጣቃዎች ብቻ ከሆኑ ቁጥሩ ማስታወቂያው ላይ ባይወጣ ይሻላል።

የማቅለሚያ ዙርን መቀላቀል

የቅናሽ ሰሞን ትልቁ የጨርቅ ብክነት ከዚህ የሚመጣ ይመስለናል። ፋብሪካ አንድን ቀለም በተለያየ ጊዜ ሲያቀልም ውጤቱ በትንሹ ይለያያል። ለዚህም ነው ጣቃው ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የማቅለሚያ ዙሩ ቁጥር፣ ብዙዎች ባች የሚሉት፣ የሚለጠፈው። በአዘቦት ቀን አንድ ደንበኛ የሚፈልገው በሙሉ ከአንድ ጣቃ ይወጣል። በማጣሪያ ሽያጭ ግን የቀሩት የጣቃ ጭራዎች ናቸው። ሰባት ሜትር ከአንዱ፣ አምስት ሜትር ከሌላው ይቆረጣል፤ በሱቁ መብራት አንድ ይመስላሉ። ተሰፍተው ጎን ለጎን መስኮት ላይ ሲሰቀሉ፣ የቀን ብርሃን ሲመታቸው፣ አንዱ ይደምቃል ሌላው ይደበዝዛል።

መከላከያው ቀላል ነው። ከሽያጩ በፊት በእያንዳንዱ ጣቃ ላይ የባች ቁጥሩና የቀረው ሜትር ይጻፋል። ለአንድ ክፍል የሚሆነው ከአንድ ባች ካልሞላ ለደንበኛው በግልጽ ተነግሮት፣ ሁለቱን ጨርቅ በር ላይ አውጥቶ በቀን ብርሃን አይቶ፣ ደረሰኙ ላይ «ሁለት ባች» ተብሎ ይጻፍለታል። ብዙ ጊዜ መፍትሔም አለ፤ አንዱ ባች ለአንድ መስኮት፣ ሌላው ከፊት ለፊቱ ላለው መስኮት ቢውል ልዩነቱ አይታይም።

መስታወት ውስጥ ለዕይታ የከረመ ጣቃም መታየት አለበት። ፀሐይ የመታው የላይኛው ዙር የደበዘዘ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ሜትሮች ዘርግቶ ከውስጠኛው ጋር ማስተያየት ይገባል። በከፋይ ጨርቅ (ቬልቬት) ደግሞ የጸጉሩ አቅጣጫ አለ፤ አንዱ ቁራጭ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ከተሰፋ ከአንድ ጣቃ ወጥተውም ሁለት ቀለም ይመስላሉ። የመቁረጫው ሠራተኛ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ የላዩን ጫፍ በቀስት ምልክት ቢያደርግ ሰፊው አይሳሳትም።

የደንበኛውን ልክ እንዳለ መቀበል

ደንበኛው ቅናሹ ሳያልቅበት ቸኩሎ «መስኮቴ 2 ሜትር ከ40 ነው፤ 5 ሜትር ቁረጥልኝ» ይላል። ቆርጦ መስጠት ሽያጭ ይመስላል፤ ግን ሒሳቡን እንየው። የመጋረጃው ዘንግ 2.40 ሜትር ቢሆን፣ ለሽብሽቡ እጥፍ ሲታሰብ 4.80 ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። የጨርቁ ወርድ 140 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 4 ቁራጭ ይፈጃል። ቁመቱ 260፣ ለላይና ለታች ቅምቅማት 25 ሲጨመር እያንዳንዱ 285 ይሆናል፤ ድምሩ 11.40 ሜትር ነው።

ጨርቁ አበባ ካለው ይኼም አይበቃም። አበባው በየ64 ሴንቲ ሜትር የሚደጋገም ከሆነ የአንዱ ቁራጭ አበባ ከጎኑ ካለው ጋር እንዲገጥም እያንዳንዱ ቁራጭ በ64 ብዜት መቆረጥ አለበት፤ 285 ወደ 320 ከፍ ይላል። አራቱ 12.80 ሜትር ናቸው። 1.40 ሜትር ጎድሎበት የሚመለስ ደንበኛ በማጣሪያ ሽያጭ ላይ የሚጨመርለት ጨርቅ አያገኝም። ንጹሕ ጥጥ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊያጥር ይችላል፤ በ260 ቁመት ላይ 5 በመቶ 13 ሴንቲ ሜትር ነው፣ መጋረጃው ወለል መንካቱን ትቶ ይንጠለጠላል።

ስለዚህ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አንድ የልክ ቅጽ ይቀመጥ፦ የዘንግ ርዝመት፣ ቁመት፣ የጨርቅ ወርድ፣ የአበባ ድግግሞሽ፣ ባች፣ የደንበኛ ፊርማ። ዋጋው አጠገብም ወርዱ ይጻፍ። ወርዱ 280 የሆነ ስስ ጨርቅ ከ140ው አንጻር በሜትር ውድ ይመስላል፤ ግን በጎኑ ዞሮ ስለሚሰቀል፣ ቁመቱ ከነቅምቅማቱ በወርዱ ውስጥ እስከገባ ድረስ፣ ደንበኛው የሚገዛው የዘንጉን ርዝመት በ2.5 አባዝቶ ብቻ ነው። ለ2.40 ዘንግ 6 ሜትር ይበቃል፣ የመሐል ስፌትም የለውም።

ቁራጮችን በክምር መሸጥ

ከ3 ሜትር በታች የቀረውን ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ መጣል ሕዝብ ይሰበስባል፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ደንበኛ እንደገና መለካት ሠራተኛን ከጠረጴዛው ያርቃል። አስቀድሞ ተለክቶ ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ ዓይነቱና ጉድለቱ ተጽፎ በፍሬ ዋጋ ይሸጥ። ሲለካ ጨርቁ ሳይወጠር ጠረጴዛ ላይ ይተኛ። እንከን ካለውም ቦታው ላይ ባለ ቀለም ክር ይታሰርበት። «የቅናሽ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ያልተነገረ እንከንን በብዙ አገር ሕግ አይሸፍንም።

የሰፊውን አቅም መርሳት

ስፌቱም በሱቁ በኩል ከሆነ ቅናሹ የሚቆምበት ቀንና ስፌት የሚታዘዝበት የመጨረሻ ቀን ሁለት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። ስፌት ክፍሉ በቀን 10 ቁራጭ የሚጨርስ ከሆነና 300 ቁራጭ ከታዘዘ 30 የሥራ ቀን ይፈልጋል። ይህን አስልቶ ማስታወቂያው ላይ ማውጣት ከበዓል ዋዜማ ጭቅጭቅ ያድናል።

ዕጣውን ሕግ ሳያዩ ማወጅ

ክፍያ፣ ዕድልና ሽልማት አንድ ላይ ከተገኙ በብዙ አገር ነገሩ ሎተሪ ይባላል፤ ሎተሪ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል ወይም ለግል ነጋዴ ክልክል ነው። በአሜሪካ ሱቆች ሳይገዙም ዕጣ ውስጥ የሚገቡበትን መንገድ የሚከፍቱት ለዚህ ነው። ሌላ ቦታ በመደበኛ ዋጋ መግዛት እንደ ዕጣ ክፍያ ላይቆጠር ይችላል። ኩፖን ከመታተሙ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ግድ ነው፤ ታትሞ ከተበተነ በኋላ ደንብ መቀየር ደንበኛን ማታለል ይሆናል።

ኩፖንን በሜትር መስጠት

«በየ5 ሜትሩ አንድ ኩፖን» ለጆሮ ይጥማል። ግን ርካሽ ገበር 20 ሜትር የገዛ አራት ኩፖን ሲያገኝ፣ ውድ ከፋይ 4 ሜትር የገዛ ባዶ እጁን ይሄዳል። በደረሰኝ ድምር ላይ መመሥረት ይቀላል። ከቅናሽ በፊት ወይስ በኋላ ያለው ድምር? ሁለት ደረሰኝ ይደመራል? ዕቃ የመለሰ ሰው ኩፖኑ ይሰረዛል? እነዚህ ሁሉ ኩፖኑ ጀርባ ላይ ይጻፉ። ዕጣው መመለሻ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢወጣ የመጨረሻው ጥያቄ ራሱ ይቃለላል።

ሽልማቱን ማድበስበስ

«ሙሉ የቤት መጋረጃ» ማለት ምን ማለት ነው? ሁለት መስኮት ያለውም አሥራ አራት ያለውም ሊያሸንፍ ይችላል። እንዲህ ይጻፍ፦ እስከ 30 ሜትር፣ ከተዘረዘሩት ጨርቆች፣ ገበርና ስፌት ተካቶ፣ ዘንግ ሳይጨምር፣ እስከዚህ ቀን የሚወሰድ፣ በገንዘብ የማይለወጥ።

«በዚህ ጣቃ ላይ ስንት ሜትር አለ?» የሚል የግምት ውድድር ከተመረጠ ጣቃው ቀድሞ በታዛቢ ፊት ተለክቶ ቁጥሩ በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ እንደሚደርስበት ግን ይታወቅ፦ የጥቅሉ የውጪ ዲያሜትር 20፣ የመሐሉ ቱቦ ዲያሜትር 4 ሴንቲ ሜትር፣ የጨርቁ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 60 ሜትር ይሆናል፤ ታጥፎ የተጠቀለለ ከሆነ 30። እኩል ግምት መምጣቱ አይቀርም፤ አሸናፊው እንዴት እንደሚለይ ደንቡ ይናገር።

ዕጣ አወጣጡን ለመጨረሻው ቀን መተው

ኩፖኖቹ አንድ መጠን ያላቸው፣ ተራ ቁጥርና ጉርድ ያላቸው ይሁኑ። ከነሱ መካከል ሁለት ዓይነት ወረቀት ካለ እጅ የሚለየው ይኖራል። ሣጥኑ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በመዝጊያው ሰዓት በታዛቢ ፊት የሚታሸግ ይሁን። ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው አይሳተፉም። ከአሸናፊው ጋር ሁለት ወይም ሦስት ተጠባባቂዎች አብረው ይውጡ፤ አሸናፊው ለምሳሌ በ14 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ሽልማቱ ወደ ተጠባባቂው ያልፋል። በኮምፒዩተር የሚወጣ ከሆነ ዝርዝሩ ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት ታትሞ ይፈረምበት፤ ያለዚያ ማንኛውም ሰው በኋላ ስም ተጨምሯል ሊል ይችላል።

ኩፖኑ ላይ ስምና ስልክ ብቻ ይበቃል። የልደት ቀንና የመታወቂያ ቁጥር መጠየቅ ለዕጣው ምንም አይጠቅምም። ስልኩን ለማስታወቂያ መልእክት መጠቀም ከተፈለገ ደንበኛው ራሱ የሚያመለክትበት ባዶ ሣጥን ኩፖኑ ላይ ይኑር። የአሸናፊው ስምና ፎቶም የሚለጠፈው ሲፈቅድ ነው። ሽልማቱ ተረክቦ የክርክር ጊዜው ሲያልፍ ያሸነፈው ጉርድ ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይቀመጣል፣ የቀሩት ኩፖኖች ተቀዳደው ይወገዳሉ።