በራሳችሁ ለምትሠሩ ሙዚቀኞች፦ የአድማጭ ኢሜይል ስትሰበስቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው ነበር። ቪፒኤን የቻለ በቪፒኤን ገባ። የቀረው ጠፋ። በዚያ ሰሞን ዘፈኑን ጨርሶ የተቀመጠ የሐዋሳ ልጅ ቴሌግራም ላይ ስንት ሺህ ተከታይ ቢኖረው ምን ይፈይድለታል? ኢሜይል ግን ይደርስ ነበር።

በራሱ ገንዘብ ስቱዲዮ የሚከራይ፣ አሳታሚም ማኔጀርም የሌለው ሙዚቀኛ የአድማጮቹን ኢሜይል ይያዝ የምለው ለዚህ ነው። ቴሌግራሙን ይተው አልልም። ሌላ መንገድ ግን ያስፈልገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ስለሆነ፣ ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

"እዚህ አገር ኢሜይል ማን ያነባል?" ብሎ መተው

ግማሹ እውነት ነው። የከተማችን ወጣት የሚውለው ቴሌግራም ላይ ነው። ኢሜይል በየቀኑ የሚከፍተው ግን ማን እንደሆነ አስቡት። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ የኤንጂኦ ሠራተኛው፣ ሆቴል ውስጥ ዝግጅት የምታስተባብረው ልጅ፣ ዋሽንግተን ያለው የአክስት ልጅ። ትኬት የሚገዙትና ለመድረክ የሚጠሯችሁ በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። መቶ ሰው ትንሽ አይምሰላችሁ። መቶ ሰው ፒያሳ ያለ አንድ ቤት ይሞላል።

ደብተር ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ

ይህን ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች ደጋግሜ አይቻለሁ። ልጁ በክራር ይጫወታል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ መውጫው ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀምጧል። መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ የሚጽፈውም ሰው ቢራ ይዟል። በማግስቱ ደብተሩ ሲገለጥ ግማሹ አይነበብም። ኤል ትሁን አንድ ቁጥር አይታወቅም። አንዱ ከስሙ ቀጥሎ "ጂሜይል" ብሎ ነጥቡንም የቀረውንም ትቶታል።

ከዚህ የባሰ ችግርም አለ። ብዙ ሰው የራሱን ኢሜይል አያውቀውም። ስልኩን ሲገዛ ሻጩ ነው የከፈተለት፤ የይለፍ ቃሉንም ያኔውኑ ረስቶታል። አድራሻው ግን ስልኩ ላይ አለ። ፕሌይ ስቶርን ይክፈትና ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን ክብ ይንካ፤ ኢሜይሉ እዚያው ይወጣል። እናንተ ወይም አንድ ጓደኛችሁ አጠገቡ ሆናችሁ ከስክሪኑ ላይ ገልብጡት። ከዚያ ሳይሄድ አንድ መልእክት ላኩለትና "ወንድሜ፣ ደረሰህ?" በሉት። ኔትወርክ ካለ ደግሞ ኪውአር ኮድ፣ ማለትም በስልክ ካሜራ ሲታይ የመመዝገቢያ ቅጹን የሚከፍት ምልክት፣ አትማችሁ በየጠረጴዛው አስቀምጡ፤ ሰውየው ራሱ ይሞላል። የመመዝገቢያ አገልግሎት ስትመርጡ ለተመዝጋቢው "እውነት አንተ ነህ?" የሚል ማረጋገጫ የሚልክ ይሁን።

የምትጠይቁበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ሰው ባጃጅ ፍለጋ ይሮጣል። ከመጨረሻው ዘፈን በፊት፣ ልቡ እናንተ ጋ እያለ ጠይቁት። "ተመዝገቡልኝ" ብቻ አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ "አሁን የምጫወተውን ዘፈን ገና አላወጣሁትም። ኢሜይላችሁን ከሰጣችሁኝ ዛሬ ማታ እልክላችኋለሁ።" ከዚያም በዚያው ማታ ላኩ። በማግስቱ ከሆነ ግማሹ ረስቷችኋል።

ያልጠየቀን ሰው መጨመር

ሐዋሳ የወርክሾፕ ከተማ ናት። በየሆቴሉ የስብሰባ ተሳታፊ ስሙን፣ ስልኩንና ኢሜይሉን የሚሞላበት ወረቀት ይዞራል። ያንን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ "ይኸው ሁለት መቶ ሰው" ብሎ የሚሰጣችሁ ወዳጅ አይጠፋም። እባካችሁ አትቀበሉት። ሰውየው የፈረመው ለአበል እንጂ ለዘፈን አይደለም። የማያውቀው ሰው መልእክት ሲደርሰው "ስፓም" (ያልተፈለገ መልእክት) የሚለውን ይነካል።

ያቺ አንድ ንክኪ ቀላል አይደለችም። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ የላኪው የስፓም ቅሬታ ከ0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል። ከሺህ መልእክት ሦስት ማለት ነው። ካለፈ፣ በደስታ የተመዘገበው አድማጫችሁ ጋም መልእክታችሁ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። በዚያ ላይ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሰው አድራሻ እንደ ድሮው እንደ ልብ የሚዞር ነገር አይደለም። መውጣት የሚፈልግ ሰውም በአንድ ንክኪ ይውጣ። ለምን ወጣህ ብላችሁ አትደውሉለት፤ ይህን የሚያደርጉ አሉ።

ሁሉንም በአንድ መስመር መደርደር

ከራስ ጂሜይል ለመቶ ሰው ሲላክ ሁሉንም "ለ" የሚለው ቦታ ላይ መጻፍ የሁሉንም አድራሻ ለሁሉም ማሳየት ነው። ቢያንስ ቢሲሲ (BCC) የሚለውን ቦታ ተጠቀሙ፤ እዚያ የተጻፈ አድራሻ ለሌሎቹ አይታይም። የግል ጂሜይል በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አይፈቅድም፤ ካለፋችሁ ለጊዜው መላክ ይከለክላችኋል። ዝርዝሩ ሲያድግ ለብዙ ሰው ኢሜይል የሚልክ የመላኪያ አገልግሎት ያዙ፤ አብሮም የራሳችሁን ዶሜይን፣ ማለትም ኢሜይላችሁ ላይ ከ@ በኋላ የሚገባውን የራሳችሁን ስም፣ ግዙ። በአገልግሎቱ በኩል የጂሜይል አድራሻን ላኪ አድርጎ መላክ በቀላሉ ስፓም ውስጥ ይከታል።

ሲቸግር ብቻ መጻፍ

ግማሽ ዓመት ዝም ብሎ ድንገት "አዲስ ሥራዬ ወጣ!!! ሼር አድርጉልኝ" የሚል መልእክት። ሰውየው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይሄ ደግሞ ማነው?" ብሎ ነው። በወር አንዴ ይበቃል። ግን ሳይቋረጥ።

የምትጽፉት ደግሞ ማስታወቂያ አይምሰል። "አዲስ ነጠላ ዜማ ተለቀቀ" ከሚለው ርእስ ይልቅ "የክራሩ ክር ቀረጻው መሀል ተበጠሰ" የሚለውን ሰው ይከፍተዋል፤ እውነት ከተበጠሰ ማለቴ ነው። ከዚያ በአራት በአምስት መስመር የሆነውን ተርኩ። ያ ቀረጻ እንዴት እንደዳነ፣ የተበጠሰው ክር ድምፅ ዘፈኑ ውስጥ ይሰማ እንደሆነ። ከታች አንድ ሊንክ። አንድ ብቻ። የዩቲዩብ፣ የቲክቶክ፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ሊንክ ከደረደራችሁ ሰው የቱንም አይነካም። የሚመልስላችሁ ካለ ደግሞ በስሙ ጠርታችሁ መልሱለት። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ይህ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ያለ ቁጥር "ትናንት እናቴን አሰማኋት" ብሎ አይጽፍላችሁም።

ዘፈኑን ራሱን አያይዞ መላክ

የአራት ደቂቃ ዘፈን በዌቭ ፋይል ወደ 42 ሜጋባይት ይመጣል። በጂሜይል አያይዞ መላክ የሚቻለው እስከ 25 ሜጋባይት ነው። ኤምፒ3 ቢሆንም አድማጩ በገዛው ፓኬጅ ላይ አትጫኑበት። ሊንክ ይበቃል።

ከተማና ቋንቋ አለመጠየቅ

ሲመዘገቡ ስምና ኢሜይል ብቻ አትጠይቁ፤ ከተማቸውንም ጠይቁ። አዳማ ላይ መድረክ ስታገኙ የአዳማዎቹን ለይታችሁ ትጠራላችሁ። በሲዳሙ አፎ የምትዘፍኑ ከሆነም በየትኛው ቋንቋ ቢጻፍላቸው እንደሚመርጡ ጠይቋቸው።

ከተማውን ማወቅ ለሰዓትም ይጠቅማል። እኛ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ክረምት ደግሞ 7። ማታ 1 ሰዓት ብትልኩ ግን ምሳ ሰዓት አካባቢ ይደርሳቸዋል።

አካውንቱን በሌላ ሰው ስም መክፈት

ኮምፒውተር የሚችል ጓደኛ ይከፍታል፤ የይለፍ ቃሉም እሱ ጋ ይቀራል። ባንዱ ሲበተን ወይም ጓደኛው አገር ሲቀይር ዝርዝሩ አብሮ ይሄዳል። በስንት ምሽት የተሰበሰበ ሰው ነው የሚጠፋው። አካውንቱ በራሳችሁ ኢሜይልና ስልክ ይከፈት። አብዛኛው የመላኪያ አገልግሎት ዝርዝሩን በፋይል የማውረጃ ቦታ አለው። በየወሩ አውርዱና ከስልካችሁ ውጭ ሌላ ቦታ ላይም አስቀምጡት። ዝርዝሩ አሁን ጓደኛችሁ ጋ ካለ፣ ሳትጣሉ በፊት ዛሬውኑ ደውሉለት።